በማሽኑ ሆድ የቀረው ምርቃት

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የማንጎ ሻጮቹን ተርታ አለፍ ብሎ፣ ደጀኔ የሚባል ዝምተኛ ሰው ጌም ቤት ነበረው። ጌም ቤት ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰል። ጭቃ ምርግ ቤት ነው፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ሆደ ሰፊ ቴሌቪዥን፣ ከየቴሌቪዥኑ ሥር ደግሞ እንደ ጡብ የተጋደመ ጥቁር የጨዋታ ማሽን።

ደጀኔ የማንኩሳ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት አልመጣለት ሲል አባቱ ወደ እርሻው ሊመልሱት ነበር። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የተዘጋ ነገር ሲያይ ካልከፈተው አይሆንለትም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ራዲዮ ፈትቶ ገጠመና ሁለት ብሎን ተረፈው፤ ራዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጮኾ ሠራ። ከዚያ ወዲያ የማንኩሳ ሰው የደጀኔ ነገር ሲነሳ «የተረፈውን ብሎን ለራሱ ጭንቅላት አስቀምጦታል» እያለ ይስቅ ነበር። ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። ከሰው ዐይን ይልቅ የማሽን ሆድ ማየት ይቀለዋል።

ይህ ነገር የሆነው በእኛ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ዘመኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ጣጣውን ሁሉ ያመጣው እሱ ነውና።

በዚያ ዓመት የደጀኔ ማሽኖች ዐይናቸው ደክሞ ነበር። በማሽኑ ውስጥ ሲዲውን የሚያነብ ትንሽ መስታወት አለ፤ ጌመኞቹ ዐይን ይሉታል። የመናኸሪያው አቧራ በበጋው ገብቶበት ጨዋታው መሀል ላይ ቀጥ ይላል፤ ተጫዋቹ እግሩን እንዳነሳ፣ ኳሷም አየር ላይ እንደተንጠለጠለች ትቀራለች። ደጀኔ የዳጉሳ አረቄ በጥጥ እየነከረ ዐይኑን ያብስለታል። ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ጎል የሳተ ሁሉ ታዲያ ጥፋቱን በአረቄው ያሳብባል፤ «እኔ በደንብ መትቻለሁ፤ የሰከረው ማሽኑ ነው» ይላል። በኋላ ግን አረቄውም አልበጅ አለ፤ ወጣቶቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀመሩ።

መፍትሔውን የነገረው ባሕር ዳር ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛው ተስፋው ነው። እንደ ተስፋው አነጋገር፣ እነዚህ አሮጌ ማሽኖች ከጀርባቸው የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሚውጥ ባዶ ጎተራ አላቸው። ዲስኩን ከማሽኑ የሚያገናኝ አንድ ቁራጭ ዕቃና ለዚሁ የተሰናዳ ሜሞሪ ካርድ ከተገኘ፣ ጨዋታውን ሁሉ ዲስኩ ላይ መገልበጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ሲዲ አይለምንም። ዐይኑ ቢታወርም እንኳ ከሆዱ እያወጣ ይጫወታል። ተስፋው ቁራጩንና ካርዱን በሚኒባስ ላከለት። የቀረው ዲስኩ ብቻ ሆነ።

ዲስኩን የሰጠችው ወይኒቱ ናት። ወይኒቱ በዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት አላት፤ ለሠርግና ለክርስትና ቪዲዮ ታነሳለች። ኮምፒውተሯ ሲታመም የሚያክምላት ደጀኔ ነው። ያን ሰሞን አዲስ ኮምፒውተር ገዝታ ነበርና አሮጌውን ዲስክ ሲጠይቃት አላንገራገረችም። የቆየው ቪዲዮ ሁሉ ለየባለቤቱ ተሰጥቷል፤ የዘንድሮውን ብቻ ወደ አዲሱ ገልብጥልኝና ውሰደው አለችው።

ደጀኔ ቁጭ ብሎ የፋይሎቹን ቀን አየ። በፈረንጅ ቀን ሁለት ሺህ ስምንት የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ እነሱን ገለበጠ፤ በችኮላው የሁለት ሺህ ዘጠኝ የሚል አለመኖሩን ልብ አላለም። ከሥር ደግሞ ሁለት ሺህ አንድ የሚሉ ጥቂት ፋይሎች ነበሩ። በጨዋታ ሲዲ ጀርባ የፈረንጅ ዓመተ ምሕረት ማንበብ የለመደ ዐይን ነውና፣ እነዚህ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ኮምፒውተሩን ከወይኒቱ በፊት የያዘው ሰው ቅሪቶች መሰሉት። ወጣቶቹ ጌም ቤቱ ደጅ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁታል። ሳይከፍት፣ ሳያይ፣ ዲስኩን ነቅሎ ሄደ።

ማሽኑን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ክዳን አወለቀ። ዲስኩ ወደ ጎተራው ሲገባ ልክ ለእሱ እንደ ተሰፋ ቀሚስ ገጠመ። ካርዱን ሰክቶ ማሽኑን ሲያስነሳ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ነው፣ ይሁን ወይ ብሎ ጠየቀው። ደጀኔ ይሁን አለ። ከዚያ አራት ጨዋታ ጫነበት። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለ ምንም ሲዲ የጨዋታዎቹ ስም ተደርድሮ ሲመጣ ቤቱ በፉጨት ተናጋ። ደጀኔ ሰው ሲያመሰግነው የሚገባበት ይጨንቀዋል፤ ቢሆንም ያን ቀን ማሽኑን በመሀረብ ሲጠርግ ፊቱ በርቶ ነበር።

ደስታው አልከረመም። አንድ ረፋድ ወይኒቱ ደወለችና ያንን ዲስክ ይዘኸው ና አለችው። ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም። ደጀኔ ዲስኩን ሳይዝ፣ ነገሩ ምን እንደሆነም ሳይገባው ሄደ።

ፎቶ ቤቱ ደጅ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ፣ ጋቢ የደረበ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል ያቆመ ከሠላሳ ዓመት አለፍ ያለ ሰው ተቀምጧል። ውስጥ ወይኒቱ አዲሱን ኮምፒውተር ስትበረብር፣ ካሜራ የሚያነሳላት፣ ሰውነት የሚባለው ልጅ ከኋላዋ ቆሟል።

«የቡሬው የአባ ገብረሰንበት ልጅ ሠርግ የት አለ?» አለችው።

የዘንድሮውን ሁሉ እንደ ገለበጠ ነገራት።

«ጥር ዘንድሮ አይደለም? ሠርጉ የጥር ነው። አባትየው ወዲያው በዐቢይ ጾም ሞቱና ቤተ ሰቡ ለቅሶ ላይ ነን፣ ይቆየን ስላሉ እስካሁን ሲዲው አልተሠራም።»

ደጀኔ የሁለት ሺህ ስምንቱን ሁሉ እንደ ወሰደ፣ የተወው የሁለት ሺህ አንዱን ብቻ እንደሆነ መናገር ጀመረ። ቃሉን ሳይጨርስ ሰውነት ራሱን ያዘ። የአሮጌው ኮምፒውተር ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ በተከፈተ ቁጥር ስንት ቀን ነው እያለ ይጠይቃል። ከታኅሣሥ ወዲህ ቀኑን የሚሞላለት ሰውነት ነበር።

«ቀን ሲለኝ ቀን ሞላሁለታ» አለ ሰውነት። «ጥር ሁለት ሺህ አንድ። ታዲያ የማንን ቀን ልሙላለት? የእንግሊዝን?»

ማንም አልሳቀም። ደጀኔ የካሜራው ካሴትስ ብሎ ጠየቀ። ካሴቱ እንደ ልማዳቸው ወዲያው ሌላ ሠርግ ተቀድቶበታል።

ወይኒቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ውጭ የተቀመጠው የሟቹ ልጅ ላቀው ነው፤ ከሁመራ ገና መመለሱ ነው፤ ሰሞኑን ሲመላለስ ቆይቷል። ሳምንት ና እንበለውና ቀስ ብሎ ይረሳው አለች። ደጀኔ በበሩ ክፍተት የሰውየውን እጅ አየ። ዱላውን የያዙት ጣቶች ነጭ እስኪሆኑ ጨብጠዋል። ቪዲዮ ሊወስድ የመጣ ሰው እንደዚያ አይጨብጥም። ለምን ያህል ነገር እንደመጣ ሳያውቅ ሊዋሸው አልቻለም፤ ወጣና አጠገቡ ተቀመጠ። የሠርጉ ቪዲዮ እንደሌለ፣ በስሕተት እንደተደመሰሰ ነገረው።

ላቀው አልተቆጣም። ዐይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«እንግዲያ እውነትም አልፈቱኝም» አለ። «እግዜርም አጠፋው።»

«አያ ላቀው፣ እግዜር አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንተማ እጅ ነህ።»

ከዚያ በኋላ ላቀው የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ለደጀኔ ሳይሆን ለመንገዱ የሚነግር ይመስል ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ከጓደኞቹ ጋር የውኃ ሞተር ገዝቶ በመስኖ ድንች ሊያለማ ፈለገ። አባቱ እንቢ አሉ። እሱም ከሁለቱ የእርሻ በሬዎች አንዱን ሳያስፈቅድ ቡሬ ገበያ አውጥቶ ሸጠው። ሞተሩም በዓመቱ ተበላሸ። ጥማድ የሆነ በሬ አንዱ ለአንዱ ቅንጃው ነው፤ ቅንጃው የሄደበት በሬ እያገሳ ሣር እንቢ ሲል አባ ገብረሰንበት ደጅ ወጡና፣ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሰው፣ «እንደ በሬዬ ቅንጃ አጥተህ ቅር» ብለው ልጃቸውን ረገሙት። ላቀውም ተናዶ፣ አባቱ ለጥምቀት የገዙለትን፣ ክርኑ በሰማያዊ ጂንስ የተጣፈ ካኪ ኮት አውልቆ ደጃፉ ላይ ጣለና ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወረደ።

እርግማኑ አልተወውም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለት ጊዜ ጋብቻው ፈረሰ። አሁን ቡሬ ላይ ሰብሊ የምትባል ሴት አለች፤ ቤተሰቧም ፈቅደዋል። እሱ ግን ሰውን እርግማን ያለበት ቤት አላስገባም ብሎ ቆሟል። አባቱ በእኅቱ ሠርግ ላይ ሽማግሌ ለምኗቸው ፈትተውሃል ይሉታል። ሽማግሌዎቹም ነገሩን በአንድ ቃል ቋጭተው «ፈትተዋል» አሉት። እኅቱ ሙሽራ ነበረችና እልፍኝ ውስጥ ሆና አላየችም።

«የሞተ ሰው ልጅ ሁሉም ያባብለዋል» አለ ላቀው። «እኔ አባቴን አውቀዋለሁ። አንዴ ካለ አለ ነው። በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም ብዬ ነው የመጣሁ።»

ደጀኔ እስከ መጪው ገበያ ቀን ጠብቀኝ አለው። ለምን እንዳለው ራሱም አላወቀም፤ ተስፋ አለው ብሎ አልነበረም።

ጌም ቤት ተመልሶ ጨዋታ ላይ የነበሩትን አስቁሞ ማሽኑን ነቀለ። ወጣቶቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ፣ በሬ እንደጠፋበት ሰው ፊትህ ምነው ጠቆረ አለው። ደጀኔ ያን ቃል ሲሰማ ብሎኑ ከእጁ ወደቀ።

ለተስፋው ደወለ። ተስፋው የመጀመሪያው ቃሉ በዲስኩ ላይ ከእንግዲህ ምንም እንዳትጭንበት የሚል ነበር። ማሽኑ ሲደመስስ የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ በራሱ ወሰን ይተክላል እንጂ ማሳውን ሁሉ አያርሰውም አለው። የታረሰው ጨዋታ የተጫነበት ቁራሽ ብቻ ነው፤ ሌላው እንዳለ ይኖራል፤ ባለቤቱን የሚያውቅ ግን የለም። የጠፋውን ለቃሚ የሆነ ፕሮግራም በሲዲ ቀድቶ በሹፌር እንደሚልክለት ነገረው። ደጀኔ የጫናቸውን አራት ጨዋታዎች አሰበ። አራት ጥማድ በሬ በሰው ማሳ ላይ አስገብቷል። የትኛውን ጥግ እንዳረሱት አያውቅም።

ሲዲው ሲመጣ ዲስኩን በወይኒቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ከተዋሰው ሌላ ዲስክ ጎን ገጠመው። ኮምፒውተሩ ገና ሲያየው ይህ ዲስክ አልተሰናዳም፣ ላሰናዳው ወይ ብሎ ጠየቀ። ደጀኔ ጣቱን እንቢ የሚለው ላይ አሳረፈ። ፕሮግራሙ ፍለጋውን ጀመረ፤ በማያ ገጹ ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። እኩሌታው ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ፍለጋው ከሀ ጀመረ። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ፤ በዚህኛው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነበር። ዲስኩ ደግሞ አርጅቷል፤ በተነሳና በወደቀ ቁጥር ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ይንቀጫቀጫል። አንዴ ጨርሶ ቢነክስ ሁሉም አበቃ ማለት ነው።

የገበያው ዕለት ጠዋት ሰውነት ገጠር ሠርግ ሲሄዱ ለካሜራው መብራት የሚይዙትን ጄኔሬተር እየገፋ መጣ። ቀኑን የሞላው እሱ ነውና ፀፀቱ አላስተኛውም ነበር። ፎቶ ቤቱ ደጅ ላይ አቁሞ አስነሳው። ጩኸቱ የማንጎ ሻጮቹን ሁሉ ጆሮ ነቀለ። ከእነሱ አንዷ፣ እናንተ ሰዎች ፎቶ ነው የምታነሱ ወይስ በቆሎ ነው የምትፈጩ ብላ ጮኸች። ላቀው ከቡሬ በመጀመሪያው መኪና ደርሶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ወይኒቱ ሻይ ብታወጣለት አመስግኖ ከእግሩ ሥር አኖረውና ቀዘቀዘ።

መስመሩ ሞላ። ስም የሌላቸው ቁርጥራጮች እየተንጠባጠቡ መጡ። ሦስቱ በኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተው አንድ በአንድ ይከፍቱ ጀመር። ጭፈራ። የድንኳን ጣሪያ። የማንም ያልሆነ የሰው ጀርባ። ከዚያ ሽማግሌዎች ቆመው ታዩ፤ መሀላቸው ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ከዘራቸውን የተደገፉ ሰው ተቀምጠዋል።

«እሳቸው ናቸው» አለ ሰውነት።

አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው፣ አባ ገብረሰንበት፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነውና ልጅዎን ይፍቱልን ብለው ለመኑ። አባ ገብረሰንበት ቀና አሉ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል።

«አልፈታም። ከበሬዬ ጋር እኔንም አብሮ የሸጠ ልጅ ነው። አልፈታም።»

ሥዕሉ ወዲያው ወደ ትንንሽ ቀለማም ካሬዎች ተበተነና ቆመ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ከጨዋታዎቹ አንዱ ተነጥፎበታል። ሰውነት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባ ገብረሰንበት ከዚያ በኋላ ብዙ ተለምነው «ፈትቸዋለሁ» ሲሉ በጆሮው መስማቱን ማለ። እሱ መማሉ ግን ምን ይጠቅማል፤ ሌላውም ሁሉ ለላቀው ምሏል።

አንድ ሌላ ቁራጭ ቀረ። አባ ገብረሰንበት ከቤት ሲወጡ ያሳያል። ኦርጋኑና እልልታው ድምፁን ሁሉ ውጦታል። ከሩቅ የተነሳ ነው፤ ጨለም ያለ፤ አሮጌው ኮምፒውተርም እየቆራረጠ ነበር የሚያሳየው። ሽማግሌው በክንዳቸው የሆነ ነገር ታቅፈው ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ ከዚያ ያበቃል። ከሦስቱ አንዳቸውም ምን እንደሆነ አላወቁም። ያነሳው ሰውነትም ሙሽራዋ እስክትወጣ በሩን ሲጠብቅ ነበርና ልብ አላለውም።

ወይኒቱ ደጀኔን ክንዱን ያዘችው።

«ይህንን ልታሳየው አይደለም መቼም» አለችው። «ጠፋ በለው። የጠፋ ነገር ማንንም አይገድልም። ይኸ ግን ሰውየውን ይገድለዋል።»

ለደጀኔ ወይኒቱ ያለችው እውነት መሰለው። ጠፋ ማለት ቀላል ነው፤ አንዴ ብሎታልና ሁለተኛ ማለት አያቅተውም። ግን ላቀው ለአምስት ዓመት በእርግማኑ፣ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ በአባባዮቹ መሀል ታፍኗል። ሁሉም ለእሱ አዝኖ የሚበጀውን እየመረጠ ይነግረዋል፤ ስለዚህም ማንንም አያምንም። ደጀኔም ዛሬ መርጦ ከነገረው ከእነሱ አንዱ ይሆናል። ደግሞ የሰውየውን አባት ቃል ግማሹን በገዛ እጁ ደምስሷል፤ የቀረውን ግማሽ የሚደብቅበት ሥልጣን ማን ሰጠው?

ሁለቱን ቁርጥራጮች የጨዋታ ማሽኑ በሚያነበው መልክ ቀይሮ በፍላሽ ያዘ። ጌም ቤት ያለው ቴሌቪዥን ሰፊ ነው፤ ማሽኑም ያለ መቆራረጥ ያሳያል። ላቀውን ተከተለኝ አለው። ወጣቶቹን ለጥቂት ጊዜ ደጅ ውጡልኝ ሲላቸው፣ ከጋቢው ይሁን ከዱላው ወይም ከፊቱ፣ ከላቀው ያዩት ነገር አለና ሳይከራከሩ ወጡ።

ላቀው የተጫዋቾቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ደጀኔ ማሽኑን አስነሳ።

«አያ ላቀው» አለ። «የተገኘው ቁርጥራጭ ነው። የፈለግኸው ቃል የለበትም። ያለውን ግን ሳልመርጥ አሳይሃለሁ።»

አባ ገብረሰንበት ቴሌቪዥኑን ሞልተው ወጡ። ላቀው አባቱን ሲያይ ሳያስበው ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሲለምኑ ቆሞ አየ፤ «አልፈታም» ሲሉም ቆሞ ሰማ። ሥዕሉ ተበተነ። ደጀኔ ወደ ኋላው ለመዞር አልደፈረም።

«ይኸ ነው አባቴ» አለ ላቀው በለሆሳስ። «ሌላው ሁሉ ሲሸነግለኝ ኖሯል። አንተ ብቻ እውነቱን አሳየኸኝ። እግዜር ይስጥህ።»

ዱላውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። ደጀኔ በሕይወቱ የሰው መንገድ ዘግቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆመ።

«አንድ ቁራጭ ቀርቷል። ድምፅ የለውም፤ እኔም ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። ግን ሳታየው አትሄድም።»

ላቀው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቢቆጣው ለደጀኔ ይሻለው ነበር፣ እሱ ግን እንዲያው እንደ ደከመው ሰው ነበር የተቀመጠው። ሁለተኛው ጀመረ። በሰፊው ቴሌቪዥን ላይ ሥዕሉ ጎላ ብሎ ይታይ ነበር። አባ ገብረሰንበት ከቤት ወጡ። በክንዳቸው ያቀፉት ልብስ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት ደርሰው ዘረጉት። ካኪ ኮት ነው። እጅጌው ወደ ካሜራው ዞሮ ተንጠለጠለ፤ ክርኑ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አለ። አባ ገብረሰንበት ኮሌታውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሰው ራስ ላይ እንደሚመርቁ፣ እንትፍ፣ እንትፍ እያሉ መረቁበት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ኦርጋኑ ብቻ ነው የሚሰማው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በየመሀሉ አንድ ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አሜን ማለታቸው ነው። ሲጨርሱ አባ ገብረሰንበት ኮቱን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።



«መልሰው» አለ ላቀው።

ደጀኔ መለሰው። ኮቱ ሲዘረጋ ላቀው ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋና እጁን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፤ ክርኑ ላይ፣ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ።

«ኮቴ ናት» አለ። «ደጃፍ ላይ ጥያት ሄድሁ። ለካ አንስቷት ኖሯል።»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ደጀኔ ቴሌቪዥኑን ትቶ፣ ደጅ ያሉት ወጣቶች እንዳይገቡ በሩን ይዞ ቆመ። ከቆየ በኋላ ላቀው ፊቱን ጠረገና፣ የአባቱ ሣጥን እስከ ተዝካሩ ተቆልፎ የተቀመጠ ስለሆነ ውስጡን ማንም እንዳላየ ነገረው። ከዚያ ወጣ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ ቡሬ፣ ቡሬ እያሉ ሲጣሩ ደጀኔ ሰማ፤ የላቀውን ጋቢ በሰው መሀል እስኪጠፋ በዐይኑ ተከተለው።

ደጀኔ ዲስኩን ወደ ማሽኑ ጎተራ መለሰ። የጌም ቤቱ ሥራም እንደ በፊቱ ቀጠለ፤ አሁን ግን ሰው ዲስክ ወይም ፍላሽ ባመጣለት ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቀኑ በእኛ ነው በፈረንጅ? ሰዉ ይስቃል። እሱ አይስቅም።

ከክረምቱ መግቢያ በፊት፣ በአንድ ገበያ ቀን፣ ላቀው ከሰብሊ ጋር ወይኒቱ ዘንድ መጣ። ለሠርጋቸው ሰውነትን ሊቀጥሩት ነበር። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሸሚዙን ባስከፈተበት ቀን ላቀው ካኪ ኮቱን እስከ ላይኛው ቁልፍ ዘግቶ ለብሷል። ሰውነትን፣ ቀኑን በፈለግኸው ሙላ፣ ብቻ ዲስኩን ለደጀኔ እንዳትሰጥብኝ አለው፤ ወይኒቱም የሰሞኑ ጭንቀቷ ሁሉ እስኪወጣላት ሳቀች።

ከዚያ ጌም ቤት ጎራ አለ። ሁለት ወጣቶች የከረረ ጨዋታ ላይ ነበሩ። ደጀኔ ሲያየው ተነሣና፣ የአባቱን ቪዲዮ ሊያይ የመጣ መስሎት፣ ጨዋታውን ሊያስቆም እጁን ዘረጋ። ላቀው ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ በጆሮው፣ የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው ብሎ ጠየቀው። ቀዮቹ ናቸው አለው ደጀኔ፣ እንዲያው ሲለው። ላቀውም ቀዮቹ እስኪሸነፉ ድረስ አየ፤ ከዚያም፣ ሰብሊ እየጠበቀችኝ ነው ብሎ ወጣ።